ማጣሪያው ያጠፋቸው ነጥቦች

ሰው ገድያለሁ ብዬ ያመንኩባቸው አሥር ቀናት አሉ። ገደልኳት ያልኳትን ሴት መጀመሪያ በመልክ አላውቃትም ነበር። የማውቀው የሳንባዋን ፎቶ ብቻ ነበር።

ጭሮ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁትም እዚሁ ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ ከተማውን አሰበ ተፈሪ እንጂ ጭሮ ብላ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከሁሉ የወደድኩት ኮርስ ስለ ዲጂታል ምስል የተማርነው ነበር። ተመርቄ ከመጣሁ በኋላ ግን ለምንም አልጠቀመኝም። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንድ የግል ክሊኒክ ሐኪም ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «የፎቶ ነገር ታውቂያለሽ አሉኝ» ሲለኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ክሊኒኩ ያረጀ የራጅ ማሽን ነበረው። የሚያወጣው ምስል ኮምፒውተር ላይ ይታያል፤ ግን ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጫጭና ጥቋቁር ነጥቦች ይበተኑበታል። ክሊኒኩ ውስጥ ራጅ የሚያነብ ስፔሻሊስት ስለሌለ ምስሎቹ በቴሌግራም ሌላ ከተማ ላለ ሐኪም ይላካሉ። ያ ሐኪም በነጥቦቹ ተማርሮ፣ ካልጸዳ ማንበብ አልችልም ብሏል።

«ማጽዳት ትችያለሽ?» አለኝ የክሊኒኩ ሐኪም።

«እችላለሁ» አልኩት። አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩበትም።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ዲጂታል ምስል የቁጥር ሠንጠረዥ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የአንዲት ቅንጣት ብርሃን መጠን ነው። በሠንጠረዡ ላይ ሦስት በሦስት የሆነች ትንሽ መስኮት ታስቀምጣለህ። በውስጧ ዘጠኝ ቁጥሮች ይታያሉ። ከትንሹ ወደ ትልቁ ትደረድራቸውና አምስተኛውን፣ መሐል የዋለውን ታነሳለህ። እሱን በመስኮቷ መሐል በነበረው ቁጥር ቦታ፣ በአዲስ ሠንጠረዥ ላይ ትጽፈዋለህ። ከዚያ መስኮቷን አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ታንሸራትታለህ። እንዲህ እያልክ ምስሉን ከዳር እስከ ዳር ታስኬዳታለህ። ብቻዋን የቆመች ነጭ ነጥብ ቁጥሮቹ ሲደረደሩ ጫፍ ላይ ስለምትውል መሐል ልትገኝ አትችልም፤ ስለዚህ ትጠፋለች። ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ሃያ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው።

የክሊኒኩን ራጅ የሚያነሱት ባለሙያ ዕድሜያቸውን በጨለማ ክፍል ፊልም ሲያጥቡ የኖሩ የሂርና ሰው ናቸው። ኮዱን ስጽፍ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ታዲያ ቆሻሻውን ከደህናው በምን ይለየዋል?» አሉኝ።

«አይለየውም ጋሼ። ጎረቤቶቹን ነው የሚጠይቀው። ጎረቤቶቹን የማይመስለውን ያጠፋል።»

ጥቂት አሰቡ። «እንዲህ ከሆነማ ያስፈራል» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

የመጀመሪያው ሙከራ አላረካኝም። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ምስሉን አስቀድሜ አሳንሰዋለሁ፤ ከዚያ አጣራዋለሁ። አንድ ላይ የተጣበቁ ነጥቦች ግን በትንሿ መስኮት አልጠፋ አሉኝ። መስኮቷን አምስት በአምስት አደረግኋት። አሁንም ጥቂት ቀሩ። ሰባት በሰባት ሳደርጋት ምስሉ ታጥቦ የተወለወለ መስታወት መሰለ። ጎድን አጥንቶቹ፣ ልብ፣ የትከሻው አጥንት፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ታየ። ሌላ ከተማ ያለው ሐኪም «አሁን ገና ራጅ ላካችሁልኝ» ብሎ ጻፈ። የክሊኒኩ ሐኪም አመሰገነኝ። እኔም ኮራሁ፤ ለተማሪዎቼ ሳይቀር አወራሁ።

አንድ ሌላ ነገርም አድርጌ ነበር። ኮምፒውተሩ ሙሉ ስለነበር የተጣራው ምስል በዋናው ምስል ላይ እንዲጻፍ አዘዝኩት። ዋናው ይጠፋል፤ የጸዳው ይቀመጣል። ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ይህንኑ ማጣሪያ ክፍል ውስጥ ላስተምር ፈለግኩ። ነጭ ወረቀት ላይ በማርከር ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩና በስልኬ አነሳሁት። ምስሉ ላይ በኮድ ነጥብ በተንኩበት፤ ከዚያ ባለ ሰባቷን መስኮት አስኬድኩበትና ግድግዳው ላይ አሳየኋቸው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ አራት ነጥቡ የት ሄደ?»

ዞሬ አየሁ። ፊደሎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። በዓረፍተ ነገሮቹ መጨረሻ ላይ የጻፍኩት አራት ነጥብ ግን የለም። ሁለቱም ቦታ ባዶ ነው። የፊደሉ መስመርና ነጥቡ በአንድ ማርከር፣ በአንድ ውፍረት የተጻፉ ናቸው፤ መስመሩ ረጅም ስለሆነ የመስኮቷን ከግማሽ በላይ ሞልቶ ተረፈ፤ ነጥቡ ግን ከግማሽ በታች ስለሆነ ተዋጠ። እኔ ራሴ የጻፍኩት፣ ትርጉም ያለው ነጥብ ነው። ማጣሪያው ከቆሻሻው ጋር አብሮ ጠርጎታል።

የክሊኒኩ ራጆች ትዝ አሉኝ። ልጅቷ መልስ እየጠበቀች ነበር። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩና ክፍለ ጊዜውን ሳልጨርስ ወጣሁ። በር ላይ ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ክሊኒኩን ስነግረው ሾፌሩ «ማን ታሞብሽ ነው?» አለኝ።

ባለሙያው ራጅ ክፍሉ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ ሳንባ ላይ እንደ ትንንሽ ነጥብ ሆኖ የሚታይ በሽታ አለ?»

«አለ እንጂ» አሉ። «አንዱ የቲቢ ዓይነት በደም ይሰራጭና ሳንባው ላይ ዳጉሳ የተበተነበት ይመስላል። ምነው?»

ምክንያቱን ነገርኳቸው። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ቀስ ብለው በሩን ዘጉና ተቀመጡ።

«ዋናው ምስል አለ?» አሉ።

«የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ማሽኑ ራሱ የሚያነሳቸውን ምስሎች ለተወሰነ ጊዜ በሆዱ ያስቀምጣል፤ ሲሞላበት የቆዩትን እየሰረዘ ለአዲሶቹ ቦታ ይለቃል። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ምስሎች ይኖራሉ ማለት ነው። የቀደሙት ግን አልቀዋል።

ያሉትን አወጣናቸው። እያንዳንዱን ዋና ምስል በተጣራው ልክ አሳንሶ የተጣራውን ከላዩ የሚቀንስ አጭር ኮድ ጻፍኩ፤ እንዲህ ሲሆን የሚቀረው ማጣሪያው የጣለው ብቻ ነው። ፊደል እየሳትኩ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጻፍኩት። አንድ በአንድ ማየት ጀመርን። የመጀመሪያው ላይ ነጥቦቹ እዚህም እዚያም ተበትነዋል፤ ከሰውነቱ ውጭ ባለው ባዶ ቦታም አሉ። የማሽኑ ቆሻሻ ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ። አሥረኛውም እንዲሁ። መተንፈስ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ አንዱ ላይ ደረስን። ጠርዙ ላይ ጥቂት ነጥቦች ብቻ። ሳንባዎቹ ያሉበት ቦታ ግን ጢም ብሏል። ግራና ቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች፣ እኩል እኩል የተዘሩ ደቃቅ ነጥቦች። የሁለቱ ሳንባዎች ቅርጽ በነጥቦቹ ብቻ ተስሎ ይታይ ነበር።

ባለሙያው መነጽራቸውን አወለቁ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ በዝግታ።

ካርዱን አወጡ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የምታጠባ እናት፤ አድራሻ ሂርና። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ሳል። የራጁ ውጤት «ሳንባዋ ጤነኛ ነው» ይላል። ለሌላ ነገር መድኃኒት ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ከሄደች ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኗታል።

ለክሊኒኩ ሐኪም መንገር ነበረብን። ከባለሙያው ኋላ ኋላ ገባሁ። ምስሉን አይቶ መጀመሪያ የተናገረው «ለሌላ ሰው ነግራችኋል?» ነው። ቁጣ ነበረበት። ወዲያው ግን ቁጣው ረገበና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዋናውን ምስል ራሱ ላከው። የሌላ ከተማው ሐኪም መልስ ለመስጠት አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ «ይህችን ሴት ዛሬውኑ ፈልጓት» የሚል ነበር። ካርዱ ላይ ያለው ስልክ ዝግ ነው። ደጋግመን ደወልን፤ ዝግ ነው።

«ሂርናን አውቃታለሁ፤ እኔ እሄዳለሁ» አሉ ባለሙያው።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ረዳቱን ልመታው ደርሼ ነበር። መንገዱ ላይ በየኩርባው ጫት የጫነ መኪና እየጮኸ ያልፈናል። ባለሙያው ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ያደርጋሉ። እኔ ጸሎት አልመጣልኝ አለ። በሐሳቤ የማየው ያንን በነጥብ የተሳለ ሳንባ ብቻ ነው፤ ሲተነፍስ አየዋለሁ፤ ሲቆም አየዋለሁ።

ሂርና ስንደርስ ጫት ተራው ውስጥ እየጠየቅን ቤቱን አገኘን። በሽታውን እንዳንናገር ተስማምተን ነበር፤ በሰው ፊት ስሙን ብናነሳው ያገሏታል። የባሏ እናት በር ላይ ወጡ። ባለሙያው በኦሮምኛ ጠየቋቸው። ሴትየዋ ዓይናቸውን እኔ ላይ ሳይነቅሉ መለሱ።

«ምን አሉ?» አልኩ፤ ሲፈጥኑብኝ ኦሮምኛው አይገባኝም።

«ብሶባት አባቷ መጥተው ወስደዋታል። ገለምሶ ናት።»

ገለምሶ በሌላ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ጭሮ ተመልሶ በበዴሳ በኩል ይኬዳል። ቀኑ መሽቶብን ነበር። በማግስቱ ማለዳ በመጀመሪያው መኪና ወጣን። በዴሳን አለፍን። ገለምሶ ሊደርስ ሲል ባለሙያው ወደ እኔ ዞር አሉ።

«እኔ ነኝ የማወራው። አንቺ ዝም በይ። እሺ?»

«እሺ» አልኩ።

የአባቷ ቤት ከገበያው በላይ ነው። ሽርጥ ያገለደሙ ረጅም ሽማግሌ ከፈቱልን። ከጭሮ ክሊኒክ መምጣታችንን ሲሰሙ ገቡና የተጣጠፈ ወረቀት ይዘው ተመለሱ።

«አንብቡልኝ» አሉ በአማርኛ። «ሳንባዋ ጤነኛ ነው ይላል አይደል? ታዲያ ልጄ ለምን አትነሳም?»

ከኋላቸው በተከፈተው በር አየኋት። ፍራሽ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ብርሃኑ እንዳያሳምማት ዓይኗን በሻሽ ሸፍነውላታል። እናቷ ሕፃኑን አዝለው ከራስጌዋ ቆመዋል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እሷ አትንቀሳቀስም። ሞታለች ብዬ አሰብኩ። ዓይኔን ደረቷ ላይ ተክዬ ቆየሁ፤ ከፍ ሲል አየሁት።

«አባቴ፣ ማሽኑ ስህተት ሠርቶ ነው» አሉ ባለሙያው። «ማሽን አይደል፣ አንዳንዴ...»

ሊሸፍኑኝ ነው። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ቃሌን ሰጥቼ ነበርና ዝም ልል ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

«ማሽኑ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው አዩኝ። «አንቺ ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም። የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ።»

«ታዲያ የልጄን ሳንባ ምን አደረግሽው?»

እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ስለ መስኮቷ፣ ስለ ቁጥሮቹ፣ ስለ መሐለኛው ምን ልበላቸው? «ፎቶው ላይ ቆሻሻ ነበረ» አልኩ። «ቆሻሻውን ላጠፋ ብዬ በሽታዋንም ከፎቶው ላይ አጠፋሁት። ከእሷ ላይ ግን አልጠፋም። አሁንም አለባት። ሐኪሞቹ ያላዩት በእኔ ምክንያት ነው።»

ባለሙያው በኦሮምኛ ሊደግሙላቸው ሲጀምሩ ሽማግሌው በእጃቸው አስቆሟቸው። ገብቷቸዋል። «ያ ረቢ» አሉ። እጃቸውን ሲያነሱ ሊመቱኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም ሳይሰማኝ ሲቀር ገለጥኩ። ሽርጣቸውን አጥብቀው እያሰሩ ነበር።

«እና ቆመሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። «ግቢና በዚያ በኩል ያዣት።»

ደግፈን አወጣናት። ባጃጅ ውስጥ ራሷ ደረቴ ላይ አረፈ። አንገቷ ደርቆ አልታጠፍ ብሏል፤ ሰውነቷ ያቃጥላል። ክብደቷ የልጅ ነው። መንገዱ ባነጠረን ቁጥር ታቃስታለች፤ ማቃሰቷ ሲቆም ደግሞ ይብሱን እደነግጣለሁ። ጆሮዋ ሥር «በርቺ፣ ደረስን» እላለሁ። አማርኛ ይገባት አይግባት እንኳ አላውቅም።

ገለምሶ ሆስፒታል ዋናውን ምስልና የሐኪሙን መልስ ከስልኬ አሳየሁ። ከጀርባዋ ፈሳሽ ቀድተው መረመሩ። በሽታው ወደ አንጎል መሸፈኛዋ ዘልቆ ነበር። የተቀበላት ወጣት ሐኪም መድኃኒቱን እያዘዘ «ሁለት ሦስት ቀን ብትቆዩ ኖሮ» አለና አልጨረሰውም። «አሁንስ ትድናለች?» አልኩት። «እናያለን» አለኝ።

ወደ ጭሮ ተመለስኩ። ሽማግሌው የስልክ ቁጥሬን ተቀብለው ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ሞታለች ሊሉኝ ነው እላለሁ። ክፍል ውስጥ ዝግ ላደርገው አልደፈርኩም፤ ከፍቼም ልተወው አልቻልኩም። እናቴ ምን እንደሆንኩ ብትጠይቀኝ፣ ብትጠይቀኝ፣ ራሴን አመመኝ እያልኩ አለፍኳት። ምግብ ሲቀርብልኝ ያቺ ሴት አልበላችም ብዬ አስብና እጄን እሰበስባለሁ። ሐኪሙና ባለሙያው በማጣሪያው ጊዜ ራጅ የተነሱትን ሰዎች አንድ በአንድ እየደወሉ መጥራት ጀመሩ። እኔ ከኮሌጅ ስወጣ እየሄድኩ ዝርዝሩን ይዤ አግዛቸዋለሁ። በር ላይ አዲስ ሰው ሲገባ አስቀድሜ የማየው አተነፋፈሱን ነበር።

በአሥረኛው ቀን ሽማግሌው ደወሉ።

«ሾርባ ጠጣች» አሉ። «ልጄን አምጡልኝ አለች።»

ኮሌጁ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ተማሪዎች በጎኔ እያለፉ ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር።

ተጠርተው ከመጡት ሰዎች መካከል ሌላ የታመመ አልተገኘም። ሦስት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ አልተገኙም። የአንዱ አድራሻ አሰቦት ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ባለሙያው ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባገኙ ቁጥር ያስጠይቃሉ። የሦስቱም ዋና ምስል ጠፍቷል፤ የቀረው እኔ ያጸዳሁት ነው። አንዳንድ ቀን ከፍቼ አየዋለሁ። ምንም አይታይበትም። ምንም ስለማይታይበት ነው የሚያስፈራኝ።

ማጣሪያውን ስህተቱን ባወቅንበት ሳምንት ከኮምፒውተሩ አወጣሁት። አሁን ምስሉ ሳይነካ ከነቆሻሻው ይላካል፤ ሌላ ከተማ ያለው ሐኪምም ከዚያ ወዲህ ስለ ነጥብ አጉረምርሞ አያውቅም።

ሴትየዋ መድኃኒቷን ዓመት ሙሉ ወስዳ ጨረሰች። አንድ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም። ሕፃኑ ተመርምሮ መከላከያ ተሰጠው፤ ደህና ነው። ስትጨርስ የመጨረሻውን ራጅ ለመነሳት ከአባቷ ጋር ጭሮ መጣች። ባለሙያው አስጠሩኝ። ቆማ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከእኔ ትረዝማለች። ደህና በሆነው ጆሮዋ በኩል አስቀመጠችኝ።

«የድሮውን አሳዪኝ» አለችኝ።

አሳየኋት። ጠጋ ብላ አየችው።

«ይሄ ሁሉ እኔ ውስጥ ነበር?»

«አዎ።»

«የዛሬውስ?»

ከፈትኩት። ሳንባዎቿ ጥርት ብለዋል፤ የማሽኑ ቆሻሻ ግን እንደ ልማዱ ምስሉ ላይ ተበትኗል። ከነጥቦቹ ጥቂቶቹ ሳንባዋ ላይ አርፈዋል። ጣቷን በእነሱ ላይ አደረገች። ፊቷ ሲገረጣ አየሁ።

«እነዚህስ?»

«የማሽኑ ናቸው» አልኳት።

«በምን አወቅሽ?»

ከሰውነቷ ውጭ ያሉትን ነጥቦች ላሳያት፣ ስለ ብዛታቸው ልነግራት አሰብኩ። ግን እንደማውቅ ሆኜ የምናገርበት ድፍረት አልነበረኝም። ወደ ባለሙያው ዞርኩ።

«ጋሼ፣ አንዴ ይድገሙልን።»

እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁ አስገቧት። ውጭ አግዳሚው ላይ ከአባቷ ጎን ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሽማግሌው የያዙትን ውሃ ጠጪ ብለው ሰጡኝ። ሲጠሩን ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፈትናቸው። በመጀመሪያው ላይ ነጥብ የነበረበትን ቦታ ሁሉ በሁለተኛው ላይ አንድ በአንድ ፈለግን። የለም። ነጥቦቹ ሌላ ቦታ ሄደዋል። የእሷ ቢሆኑ ኖሮ ካሉበት አይንቀሳቀሱም ነበር።

ሁሉንም ራሷ በጣቷ እየነካች አረጋገጠች። እኛም እስክትጨርስ ከኋላዋ ቆመን ጠበቅናት።